ጎሽ አቁስሎ የሚሄድ ጠመንጃ፦ የሳፋሪ አዳኝ የመሣሪያ ምርጫ ለከብት ነጋዴ ምን ያገባዋል?

በሰሜን ታንዛኒያ ደረቁ ወቅት ሲጠና ሁለት ዓይነት ሰዎች ወደ አንድ ውሃ ይቀርባሉ። አንደኛው ከብቱን እያስነዳ ወደ ናማንጋና ወደ ኬንያ ገበያዎች የሚያቀና ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠመንጃ ይዞ የመጣ የሳፋሪ አዳኝ ነው። በታንዛኒያ የአደኑ ዋና ወቅት ከፈረንጆች ሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ፣ ሣር የሚያጥርባቸውንና ከብት ውሃ ፍለጋ የሚርቅባቸውን ወራት ይሸፍናል። ጎሹም በእነዚሁ ወራት ከዚያው ውሃ አይርቅም።

ስለዚህ አዳኙ የያዘው ጠመንጃ የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። መሣሪያው ለእንስሳው ከበቃ ጎሹ እዚያው ይወድቃል፤ ሥጋው ይከፋፈላል፣ መንገዱም ክፍት ይሆናል። ካልበቃ ግን የቆሰለ ጎሽ ጥሻ ውስጥ ይቀራል። አዳኙ ዕረፍቱ ሲያልቅ በአውሮፕላን ይሄዳል። ከጎሹ ጋር የሚገናኘው ማለዳ ከብቱን ይዞ በዚያ የሚያልፈው ነጂ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለሳፋሪ አደን ጠመንጃ እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን። ዓላማው አንባቢዎቻችንን አዳኝ ማድረግ አይደለም። በአደን ቀጣና አጠገብ ከብት የሚያሳልፍ፣ ለአደን ካምፕ በግና ፍየል የሚያቀርብ፣ ወይም የመንደሩ ተወካይ ሆኖ ከአደን ድርጅት ጋር የሚደራደር ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

አደኑ የት ነው ያለው?

በቀጣናችን ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ኬንያ ለመዝናኛ የሚደረግን አደን በ1977 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፤ እገዳው እስካሁን አለ። ታንዛኒያ አገሩን በአደን ቀጣናዎች ከፋፍላ፣ በኮታና በክፍያ ትፈቅዳለች። ኡጋንዳ በ2001 እ.ኤ.አ. በምቡሮ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከብት አርቢዎች በሚኖሩበት መሬት ላይ፣ በሙከራ መልክ እንደገና ጀምራለች። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ማዕቀፉን አስቀምጧል፤ በደጋው ዋነኛው ተፈላጊ እንስሳ የባሌና የአርሲው የደጋ አጋዘን ሲሆን በቆላው ደግሞ እንደ ሳላና አምባራይሌ ያሉት ይታደናሉ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። ከታንዛኒያ ወደ ኬንያ የሚሻገር መንጋ አደን ከሚፈቀድበት አገር ወደተከለከለበት አገር ይሻገራል። ጎሽ ግን ድንበር አያውቅም። በአንደኛው አገር የተተኮሰበት እንስሳ በሌላኛው አገር ሰው ሊወጋ ይችላል።

መጀመሪያ እንስሳው፣ ከዚያ ጠመንጃው

ብዙ ሰው የጠመንጃን ነገር ከጠመንጃው ይጀምራል። ትክክለኛው መነሻ እንስሳው ነው፤ ክብደቱ፣ የቆዳውና የአጥንቱ ውፍረት፣ የሚተኮስበት ርቀት፣ ከቆሰለም በኋላ የሚያደርገው ነገር።

ትልቅ ወንድ ጎሽ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ይመዝናል። ገበያ ላይ ጥሩ ከምንለው የቦረና ሰንጋ እጥፍ ገደማ ነው። የጎድን አጥንቱ ሰፊና የተቀራረበ፣ ትከሻው ወፍራም፣ ቆዳውም ጠንካራ ነው። ሰንጋ ሲበለት ያየ ሰው የውስጡን አቀማመጥ ያውቀዋል። ልብ ከደረት በታች፣ በፊት እግሮች መካከል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሳንባ ከላይና ከኋላው ነው። ከሳንባው በስተኋላ ወዲያው ጨጓራ ይጀምራል። አረሩ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢያፈነግጥ የሚያርፈው ሣር በሞላበት ጨጓራ ላይ ነው። ጨጓራው የተመታ ጎሽ ቶሎ አይሞትም፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። አዳኞች እንደሚሉት ደግሞ የቆሰለ ጎሽ ዞሮ በራሱ ዱካ አጠገብ ይቆምና የሚከተለውን ይጠብቃል።

አንበሳ ከጎሽ በጣም ያነሰ ነው፤ ወንዱ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ይደርሳል። ነብር ከዚያም ያንሳል። አጥንታቸው እንደ ጎሽ ባይከብድም ከቆሰሉ በኋላ ያላቸው ፍጥነት አደገኛ ያደርጋቸዋል። ሳላ፣ አጋዘን፣ የሜዳ አህያ፣ ድኩላ ግን ሌላ ረድፍ ናቸው። በእነሱ ላይ ዋናው ጥያቄ የአረሩ ክብደት ሳይሆን በርቀት በትክክል ማረፉ ነው።

ስለዚህ ለአፍሪካ ሳፋሪ የሚነሳ አዳኝ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጠመንጃ ያስባል። አንዱ ለከባዱና ለአደገኛው፣ ሌላው ለሜዳው እንስሳ። አንድ ብቻ ይዞ የሚመጣ ደግሞ በሚያድነው ከባዱ እንስሳ ልክ መምረጥ አለበት። በከባድ ጠመንጃ ድኩላ ይገደላል፤ ለድኩላ በተመረጠ ጠመንጃ ጎሽ ላይ መተኮስ ግን ዕዳ መግባት ነው።

ሕጉ የሚያስቀምጠው ወለል

በዚህ ምክንያት አንዳንድ አገሮች ምርጫውን ለአዳኙ ብቻ አልተዉም። በታንዛኒያ እንደ ጎሽ፣ ዝሆንና አንበሳ ላሉ አደገኛ እንስሳት ዝቅተኛው ካሊበር .375 ነው፤ ይህም የአረሩ ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

ዚምባብዌ ከምሥራቅ አፍሪካ ውጭ ብትሆንም ሕጓ ለእኛ ጥሩ መለኪያ ይሆናል፤ ውፍረትን ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም በቁጥር ያስቀምጣልና። ጉልበት ስንል አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ኃይል ነው፤ በጁል ይለካል። በዚያ አገር ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትርና 5,300 ጁል ይጠየቃል። ለአንበሳ 7 ሚሊ ሜትርና 4,300 ጁል፤ ለነብርና እንደ አጋዘን ላሉ ትላልቅ የሜዳ እንስሳት 7 ሚሊ ሜትርና 3,000 ጁል ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አጠገብ ይዘን በየካምፑ የሚታዩትን ጠመንጃዎች እንመዝናቸው። ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው፤ በአረሩ ክብደትና በባሩዱ መጠን ከፍና ዝቅ ይላሉ።

.30-06፦ በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራጩት አንዱ ነው። ጉልበቱ 3,900 ጁል ገደማ ነው። ለሳላ፣ ለአጋዘን፣ ለከርከሮ በቂ ነው። ለጎሽ አይበቃም።

.300 ዊንቸስተር ማግነም፦ 4,700 ጁል ገደማ። ለረጅም ርቀትና ለተራራ የሚመረጥ ነው። ጉልበቱ ቢጨምርም አረሩ ቀጭን ስለሆነ ለጎሽ አይፈቀድም።

9.3×62፦ በ1905 እ.ኤ.አ. ኦቶ ቦክ በተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ የተነደፈ፣ በአፍሪካ የሰፈሩ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን የያዙት ነው። ጉልበቱ 4,800 ጁል ገደማ ነው። ጎሽ በመግደል የታወቀ ቢሆንም ውፍረቱ ከ.375 ጥቂት ያንሳል፤ ስለዚህ ተቀባይነቱን ከመሳፈር በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም፦ በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣ። ወደ 19 ግራም የሚመዝን አረር በ5,800 ጁል ገደማ ይወረውራል። ለጎሽ ወለሉን ያልፋል፤ ለአጋዘንም ርቀት ያደርሳል። አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው በዚህ ነው።

.416 ሪግቢ፣ .458 ዊንቸስተርና .470 ናይትሮ ኤክስፕረስ፦ ሁሉም ከ6,500 ጁል በላይ ይሰጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ በባለሙያ አዳኙ እጅ የሚታዩ፣ የቆሰለ እንስሳ በቅርብ ሲመጣ ለማስቆም የታሰቡ ናቸው።

ክላሽስ?

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ቁጥር አለ። በቀጣናችን የከብት መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ክላሽ 7.62×39 ጥይት ይተኩሳል፤ ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ነው። ይህ ለጎሽ ከተቀመጠው ወለል ግማሽ እንኳ አይሞላም። አረሩም ቀላል፣ ብዙውን ጊዜም ሳይከፈት የሚያልፍ ወታደራዊ አረር ነው።

አንድ ነጂ ደንግጦ ወይም ሥጋ አምሮት በጎሽ ላይ ክላሽ ቢተኩስ፣ የሚያደርገው ነገር ቁስለኛ ጎሽ መፍጠር ነው። በሕገ ወጥ አደን መጠየቁ ሌላ ጣጣ ነው። አባቶቻችን በውጅግራና በምንሽር አደኑ እየተባለ ይነገራል፤ ነገር ግን ፉከራው የሚተርከው የወደቀውን ግዳይ ነው። ቆስሎ ስላመለጠውና በኋላ ሰው ስለወጋው እንስሳ የሚፎክር የለም።

ስለ አረሩ

ተመሳሳይ ጠመንጃ በተለያየ አረር የተለያየ ሥራ ይሠራል። በአጠቃላይ ሁለት ወገን አሉ። ተከፋች አረር ሥጋ ሲነካ አናቱ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ ሰፊ ቁስል ያደርጋል፣ እንስሳውንም ቶሎ ይጥላል። ድፍን አረር ደግሞ ቅርፁን ሳይለውጥ አጥንት ሰብሮ በጥልቀት ይገባል። ለዝሆን ድፍን ይመረጣል። ለአንበሳና ለነብር ተከፋች ይመረጣል። ለጎሽ የብዙ ባለሙያዎች ልማድ የመጀመሪያው ጥይት ጠንካራ ተከፋች፣ ተከታዮቹ ድፍን እንዲሆኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው የሚተኮሰው በቆመ እንስሳ ጎን ላይ ሲሆን ተከታዮቹ በሚሸሽ እንስሳ ጀርባ ላይ ናቸው፤ ከኋላ ገብቶ ልብ ለመድረስ ጥልቀት ያስፈልጋል።

ድፍን አረር ግን ጎሹን በስቶ ከኋላው የቆመውን ሌላ ጎሽ ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ መንጋ ላይ አይተኮስም።

ለሥጋ ተቀባዩ ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። እርሳስ ያለበት ተከፋች አረር ሲሰባበር ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ከቁስሉ ራቅ ብለው ሥጋው ውስጥ ይበተናሉ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናት። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ ተከፋች አረሮች ይህን ችግር ያስቀራሉ። ሥጋው ለመንደሩ የሚሰጥ ከሆነ ይህን አረር መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ትልቅ ጠመንጃ፣ ትንሽ ትከሻ

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ሰው ትልቁን ጠመንጃ ቢገዛ ነገሩ ያለቀ ሊያስመስል ይችላል። አይደለም። ከባድ ጠመንጃ ትከሻ ይራገጣል። ርግጫውን የፈራ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጠመንጃውንም ይገፋል። በ.458 ጨጓራ ከመምታት በ.375 ልብ መምታት ይሻላል። ብዙ ልምድ ያላቸው ባለሙያ አዳኞች እንግዶቻቸው ሊቋቋሙት ከሚችሉት በላይ የሆነ ጠመንጃ ይዘው እንዳይመጡ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

በካራሞጃ ከብት የሚገዙ አንባቢዎቻችን የአንድ ሰው ስም ሰምተው ይሆናል። ዎልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ አካባቢ ዝሆን እያደነ ስለኖረ «ካራሞጆ ቤል» የሚል ቅጽል ወጣለት። ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሲሆን ብዙዎቹን የገደለው 7×57 በሆነች ቀላል ጠመንጃ ነው። ይህ ታሪክ ቀላል ጠመንጃ ለመያዝ ማስረጃ ሆኖ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን ቤል የዝሆንን የራስ ቅል አጥንቶ፣ ድፍን አረር ተጠቅሞ፣ አእምሮውን እየመታ ነበር የሚገድለው። ሥራውም መኖሪያውም እሱ ነበር። ለአሥር ቀን ዕረፍት የመጣ ሰው ያን ማድረግ አይችልም። ከቤል የምንማረው የጠመንጃውን ትንሽነት ሳይሆን አረሩ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅን ነው።

ስለዚህ የጥሩ ምርጫ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሰደፉ ከአዳኙ ትከሻ ጋር የተስማማ፣ ክብደቱ ርግጫን የሚያለዝብ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሸከሙት፤ ለ.375 ወደ 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ጎሽ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ስለሚተኮስ መነጽሩ ዝቅተኛ ማጉያ ያለው፣ ሰፊ እይታ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ አዳኙ በሦስት እግር መደገፊያ ላይ ቆሞ መተኮስን አገሩ ላይ ተለማምዶ መምጣት አለበት። ካምፕ እንደደረሰም ዒላማ ላይ ተኩሶ መነጽሩ በጉዞ አለመዛነፉን ማረጋገጥ ግዴታው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በተራራ ላይ ሌላ ነገር ነው

በባሌና በአርሲ ተራሮች ሁኔታው ይለወጣል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም፤ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። አደገኛ አይደለም፤ ግን ጠንቃቃ ነው። አደኑ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በጭጋግና በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ፣ ከሸለቆ ወዲህ ማዶውን በማየት የሚካሄድ ነው። ርቀቱ 200 ወይም 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። እዚህ .375 ባይከለከልም .300 ዊንቸስተር ማግነም፣ 7 ሚሊ ሜትር ማግነም ወይም .30-06 ይመረጣል፤ መነጽሩም ከፍ ያለ ማጉያ፣ ዝናብና ጉም የማይገባው ይሆናል።

ለከብት ሰው ግን እዚህ ያለው አደጋ ሌላ ነው። እነዚህ ፈጣን አረሮች እንስሳውን ከሳቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በባሌ ደግሞ ከብት እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይወጣል ይወርዳል። ማዶ ያለው ሸንተረር ባዶ ቢመስልም ከጀርባው እረኛ ሊኖር ይችላል። ኃላፊነት ያለው አዳኝ ከእንስሳው ኋላ አፈር ካላየ አይተኩስም፤ በሰማይ ጠርዝ ላይ በቆመ እንስሳም አያነጣጥርም። የአደን ድርጅቱ በየትኞቹ ቀናት በየትኛው ሸለቆ እንደሚተኮስ ለእረኞች አስቀድሞ መናገሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ጠመንጃም እንደ ከብት ድንበር ላይ ወረቀት ይጠየቃል

ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ይህን ክፍል ከማንም በላይ ይረዳዋል። የጤና ምስክር ወረቀት ላይ 60 ከብት ተብሎ 61 ከተገኘ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። በጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ እንደ ጆሮ መለያ ማለት ነው። የገባው ጥይት ብዛት ይመዘገባል። በአውሮፕላን ጥይት የሚጓዘው ከጠመንጃው ተለይቶ ሲሆን የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ሕግ ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። በመሐል ሌላ አገር ማረፊያ ካለ የዚያም አገር የመተላለፊያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ አገሮች በራሱ የሚጎርስ መሣሪያንና ሽጉጥን ለአደን አያስገቡም። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝን፣ ማጓጓዝንና ማዘዋወርን ይከለክላል።

በዚህ ጣጣ ምክንያት አንዳንድ አዳኞች የራሳቸውን ትተው ከአደን ድርጅቱ ጠመንጃ ይከራያሉ። ይህ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግን በማያውቁት ጠመንጃ በቀጥታ ጎሽ ላይ መተኮስ የለባቸውም። ካምፕ ላይ ብዙ ጥይት ተኩሰው ሊለምዱት ይገባል።

ነጋዴ ሊጠነቀቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካምፕ የሚያውቁት ሰው «እግረ መንገድህን ይህን ሳጥን ጥይት ወዲያ ማዶ አድርስልኝ» ቢልዎ፣ ቤተ ዘመድም ቢሆን፣ አይቀበሉ። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰው ነው፤ ለመኪና አይደለም። መኪናው ኬላ ላይ ሲያዝ ከብቱም ፀሐይ ላይ ይቆማል።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአብዛኞቹ የአደን አገሮች ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙም ሙሉውን ክፍያ ይከፍላል። ይህ ጥሩ ደንብ ነው፤ አዳኙ ተገቢውን ጠመንጃ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ነገር ግን ክፍያው የሚሄደው ወደ መንግሥትና ወደ ድርጅቱ ነው። በዚያ ጥሻ የሚያልፈው ነጋዴ በሒሳቡ ውስጥ የለም። እኛ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ውጫዊ ወጪ እንለዋለን፤ አንዱ ይሠራዋል፣ ሌላው ይከፍለዋል።

ወጪው ምን ያህል ነው? በራስዎ ቁጥር ይሥሩት። ለምሳሌ 60 ከብት ይዘው በቆሰለ ጎሽ ምክንያት 3 ቀን ቆሙ ወይም ዞሩ እንበል። ውሃና ሣር ስለራቀ እያንዳንዱ ከብት በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ቢቀንስ፣ በሦስቱ ቀን የጠፋው 270 ኪሎ ነው። አንድ ሰንጋ ሳይወጋ፣ ሳይታመም፣ ከመንጋው መሐል ጠፋ ማለት ነው። የነጂ አበል፣ የውሃ ክፍያና ያመለጠ የገበያ ቀን በዚህ ላይ ይደመራሉ። ነጂ ከተወጋ ደግሞ በገንዘብ የሚተመን ነገር አይደለም።

ጎሽ ራሱ በሽታ ይዞ እንደሚኖርም አንርሳ። የአፍሪካ ጎሽ የአፍተግር ቫይረስን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ደግሞ በመዥገር የሚተላለፈው የምሥራቅ ዳርቻ ትኩሳት አምጪ ተሕዋስ ማደሪያ ነው። ቆስሎ ከመንጋው የተነጠለ ጎሽ ውሃ አጠገብ ይቀራል፤ ከብትዎም ወደዚያው ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ የወደቀ ጎሽ ቢያገኙ ቆዳውንም ሥጋውንም አይንኩ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለጥበቃው ይናገሩ። የጎሽ ሥጋና ቆዳ ከከብት ጋር ጭኖ ድንበር ማሻገር ደግሞ የአንድ ሰው ጥፋት የብዙዎችን ገበያ የሚያዘጋበት መንገድ ነው።

ከአደን ድርጅት ጋር ሲቀመጡ የሚጠየቁ

የመንደር ተወካዮችና የነጋዴ ማኅበራት ከአደን ድርጅቶች ጋር ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የሥጋና የሥራ ዕድል ጉዳይ ነው። እነዚህ ጥያቄዎችም ይጨመሩ፦

1. ለጎሽ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ .375 ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል? ካልያዘ ድርጅቱ ያከራየዋል?

2. እንግዳው ወደ ጫካ ከመግባቱ በፊት ካምፕ ላይ ዒላማ ተኩሶ ይፈተናል? ያልተሳካለትን ሰው ባለሙያ አዳኙ ጎሽ እንዳይተኩስ ይከለክለዋል?

3. እንስሳ ከቆሰለ ማን ይከተለዋል? ለስንት ቀን? እንግዳው ሲሄድስ ፍለጋው ይቀጥላል?

4. ጎሽ ቆስሎ ሲጠፋ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ለማን፣ በየትኛው ስልክ ይነገራል?

5. በዚያ ምክንያት መንገድ የተዘጋበት መንጋ ውሃ እንዲያገኝ ድርጅቱ ምን ያደርጋል?

6. ለመንደሩ የሚሰጠው ሥጋ በማን ይመረመራል? የሚተኮሰው አረር እርሳስ አለበት?

ከስድስቱ አንድ ብቻ ማስፈጸም የሚቻል ከሆነ አራተኛው ይቅደም። ጎሹ የት እንደቆሰለ በዚያው ቀን ያወቀ ነጋዴ ከብቱን በሌላ መንገድ ያዞራል። ያላወቀው ግን ማለዳ ነጂውን ወደ ጥሻው ይልካል። ለድርጅቱ ይህ የአንድ ስልክ ጥሪ ወጪ ነው፤ ስለዚህ በቃል ከመተማመን ይልቅ በጽሑፍ ስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ፣ የሚደወልለትም ሰው ስም በየወቅቱ መጀመሪያ እንዲታደስ ይጠይቁ።